ያልተዳሰሱት ቫልቮች

በውሃ መሥሪያ ቤቱ የካርታ ክፍል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። እሷ «ባለእርሳሷ» ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ስለማይጠፋ። አንዳንድ ቀን ሁለትም ሦስትም ይሰካሉ፤ አንዱን ትረሳውና ሌላ ትጨምራለች። ሥራዋ የከተማውን የውሃ ቧንቧ ካርታ መገልበጥ ነው፤ አሮጌው ወረቀት እጥፋቱ ላይ ሲበጠስ በአዲሱ ላይ ትስለዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ የስድስት ወር የንድፍ ሥልጠና ወስዳ ስትቀጠር ለጊዜው ብላ ነበር የገባችው። ጊዜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አላገባችም። ለምን ሲሏት «ቀርቦ ያየኝ ሁሉ እርሳሱ ዓይኔን ይወጋኛል ብሎ ይሸሻል» ትላለች፤ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ መስመሯን ትቀጥላለች።

አባቷም የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነበሩ። እሳቸውን «ጋሼ ቫልቭ» ይሏቸዋል። ቫልቭ ከመንገድ በታች፣ ቧንቧው ላይ ያለ መዝጊያ ነው፤ ረጅም የብረት ቁልፍ ገብቶበት ሲዞር የአንድ ሰፈር ውሃ ይቆማል። ከተማው ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀበሩ፣ ክዳናቸው የጠፋ፣ አስፋልት የተደረበባቸው፣ አንዳንዶቹም አጥር ሲገፋ ሰው ግቢ የገቡ ቫልቮች አሉ። የት እንዳሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ መኪና በራቸው ላይ ይቆማል። ቦታው ሲደርሱ ወርደው ጥቂት ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ በጫማቸው ተረከዝ መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ፤ «እዚህ» ይላሉ። ይቆፈራል። ይገኛል።

ይህ ሁሉ ለምን ካርታ ላይ አልሰፈረም ቢባል፣ ምክንያቱ ደንቡ ነው። በዚያ ቤት አንድ ሰው አየሁ ያለው ቫልቭ ካርታ ላይ የሚገባው በእርሳስ ነው። ሁለተኛ ሰው ሄዶ፣ አስቆፍሮ፣ ብረቱን በእጁ ዳስሶ ሲመለስ ብቻ በቀለም ይጻፋል። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ የመጣው ከአንድ ሞት ነው። አባቷ ወጣት ሳሉ የሰው ቃል አምነው አንድ ቫልቭ በቀለም አስገቡ። ከዓመት በኋላ ቆፋሪ ጓደኛቸው ያንን ካርታ አምኖ፣ ውሃው ተዘግቷል ብሎ፣ ጉድጓድ ገብቶ ቧንቧውን ፈታ። ውሃው አልተዘጋም ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ ከነውሃው ላዩ ላይ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ሁለተኛ እጅ ያልነካውን ቫልቭ በቀለም አላስጻፉም። በፍንዳታ ጊዜ የተቆፈሩት ጥቂቶቹ በቀለም ገቡ። ለቀሩት ግን ሁለተኛ እጅ አልተገኘም፤ ቆፋሪ በደህና ቀን ቫልቭ ለመዳሰስ የሚወጣበት ጊዜ የለውም። እርሳስ እንደሆኑ ቆዩ። ካርታው ሲታጠፍና ሲዘረጋ እርሳሱ ደበዘዘ፤ ኋላም ጠፋ። የቀሩት እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷን የቤታቸው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል።

«ምነው አባዬ? እምቢ አለህ?»

«አይ» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። «ይሄ... ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ የሚዞረው?»

በከተማው ውስጥ የትኛው ቫልቭ በግራ፣ የትኛው በቀኝ፣ በስንት ዙር እንደሚዘጋ ሳያስቡ የሚመልሱ ሰው ናቸው። እሷ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ አብራቸው አዞረችው።

አባቷን የመረመረችው ሐኪም አልደበቀቻትም። በሽታው የመርሳት ነው፤ መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም። «ከእሳቸው መስማት የምትፈልጊው ነገር ካለ ዛሬ ነገ አትበይ» አለቻት። ባለእርሳሷ የዚያኑ ቀን ደብተር ገዝታ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስንት ቫልቭ አለ?»

«ከየትኛው ትምህርት ቤት?»

«ከዋናው።»

«ዋናው... አሁንም አለ እንዴ?»

በቃል ሲጠየቁ ይጠፋባቸዋል። መንገዱ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው አንድ ደረጃ ወይም አንድ የአጥር ማዕዘን ሲያይ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣላቸዋል። ችግሩ ጉልበታቸው ነው፤ ከሁለት መንገድ በላይ አይሄዱም። እሳቸው ወደ መንገዱ መሄድ ካልቻሉ መንገዱን ወደ እሳቸው ማምጣት ነው የቀረው። ይህን ስታብሰለስል ነው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከፖስታ ቤቱ አጥር ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ፊት እግሯ የቆመው። መሬት ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቶ ነበር። በተከፈተው ገጽ ላይ የከተማ ካርታ የሚታይበት የኮምፒውተር ስክሪን ሥዕል አለ፤ ካርታው ላይ ነጥቦች፤ አንዷ ነጥብ ተነክታ የሚሞላ ቅጽ ብቅ ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ? ስድስት ሰው ወስዶት ስድስቱም መልሶታል። ሰባተኛዋ አንቺ ከሆንሽ እባክሽ እንዳትመልሺው፤ ጠዋትና ማታ ስሸከመው ትከሻዬን ጨረሰኝ።»

መጽሐፉ የሚያስተምረው ድረ ገጽን እንደ ሙሉ ፕሮግራም ማሠራት ነው። ድረ ገጽ የሚከፈትበት ብሮውዘር ብቻውን ይህን አይችልም፤ ፕለጊን የሚሉት ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ይሰካበታል። ያ ከተሰካ በኋላ ገጹ ላይ ካርታ መጎተት፣ ነጥብ ማስቀመጥ፣ ሰንጠረዥ መሙላት ይቻላል፤ የተሞላው ደግሞ ሰርቨር በሚሉት ዋና ኮምፒውተር ላይ ካለው ዳታቤዝ፣ ማለት ከመረጃ ቋቱ ጋር ይነጋገራል። መሥሪያ ቤቱ ከአውሮፕላን የተነሱ የየመንገዱ ፎቶዎች ነበሩት። ፎቶዎቹን ስክሪን ላይ አድርጋ አባቷን ፊታቸው ብታስቀምጣቸውስ?

የኮምፒውተር ጥገናው ሠራተኛ ቅጽል ስሙ «ሪስታርት» ነበር፤ ለማንኛውም ችግር የሚያዝዘው መድኃኒት አጥፍቶ ማብራት ስለነበረ። መጽሐፉን ሲያይ ሳቀ።

«ባለእርሳሷ፣ ይሄ ፕለጊን እኮ ሊሞት ነው። ብሮውዘሮቹ አንድ በአንድ እየተዉት ነው። ለምን አዲሱን አትማሪም?»

«አዲሱ መጽሐፍ የት አለ?»

«መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።»

«እኔ ካላሰመርኩበት አይገባኝም። ይሄኛው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እንግዲህ ዓመት... ቢበዛ ሁለት።»

«ይበቃኛል» አለች። «አባቴም ከዚያ በላይ አይቆይም።»

ሪስታርት ሳቁን ዋጠ። ወንበሯን ስቦ ተቀመጠና ፕለጊኑን ጫነላት።

ዘጠኝ ወር ተማረች። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ በካርታ መደርደሪያዎቹ መካከል በሩን ዘግታ ትቀራለች፤ በግራዋ መዝገበ ቃላት፣ በቀኟ መጽሐፉ። መጀመሪያ የገረማት ማሰር የሚሉት ነገር ነው፦ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሳጥን ከአንድ መረጃ ጋር ታስሪያታለሽ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ ይለወጣል፤ መሐል ገብቶ የሚገለብጥ ሰው አያስፈልግም። «እኔን ከሥራ የሚያባርር ነገር ነው እየተማርኩ ያለሁት» አለች ለራሷ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ባዶ ሰንጠረዥ ፊት ተቀመጠች። ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባቻቸው አምስት የሙከራ ቫልቮች አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ኮዱን አሥር ጊዜ ከመጽሐፉ ጋር አስተያየችው። የገባት አንድ ቀን የክፍሉን ተላላኪ ፋይል እንድታመጣላት ወደ ላይኛው ፎቅ ልካት ስትጠብቅ ነው። ተላላኪዋ ከበሩ ሳትወጣ እጅን ዘርግቶ «ፋይሉ የታለ?» አይባልም። የእሷ ኮድ ግን ይህንኑ ነበር የሚያደርገው፤ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ መልሱ ሳይመጣ ሰንጠረዡን ይስላል። መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ለብቻ መንገር ያስፈልጋል። ያን ቀን አምስቱ ቫልቮች ተራ በተራ ብቅ ሲሉ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ ተላላኪዋ ገብታ ፋይሉን አስቀመጠችና «ደህና ነሽ?» ብላት ወጣች።

ልቧን የወሰደው ግን ዘጠነኛው ምዕራፍ ነበር። ገጹ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ወዲያው ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም ይላል። ፕሮግራሙ ለውጦቹን እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ይዟቸው ይቆያል፤ አጽድቅ ሲባል ብቻ ወደ ሰርቨሩ ይልካቸዋል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። እርሳስና ቀለም! ይህን የጻፈው ሰው እኛ መሥሪያ ቤት ሠርቶ ያውቃል እንዴ አለች። በሚቀጥለው ቀን ያልጸደቁት ነጥቦች ግራጫ፣ የጸደቁት ጥቁር እንዲሆኑ አደረገች። ከታች የተመረጠችውን ነጥብ ብቻ የሚያጸድቅ አንድ ቁልፍ አስቀመጠችና «ቀለም» ብላ ሰየመችው። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ «ያልጸደቀ ለውጥ የሚኖረው ገጹ ክፍት እስካለ ድረስ ነው» የሚል መስመር አለ። አንብባዋለች፤ ከሥሩም በእርሳስ አስምራበታለች። ስለዚህ ኮምፒውተሯ ላይ «አትዝጉ፤ አታጥፉ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ይበቃል ብላ አሰበች።

የክፍሉ ኃላፊ አባቷ ጠዋት ጠዋት እንዲመጡ ፈቀዱ። «ጋሼ ቫልቭ ወደ ሥራ ተመለሱ!» እያለ ሁሉም ሰላምታ ሊሰጥ መጣ። አባቷ የድሮውን ካኪ ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን መንገድ አይተው ወደ ፊት ተጠጉ።

«ይሄ ዳቦ ቤቱ አይደለም?»

«ነው አባዬ።»

«ከደረጃው አራት እርምጃ። ወደ መንገዱ አይደለም፣ ወደ ግድግዳው። በግራ ነው የሚዘጋ፤ ሁሉም በቀኝ ሲያዞሩት አንገቱን ሊሰብሩት ነበር። አሥራ አራት ዙር።»

«እዚህ ላይ ንካው። በጣትህ ሳይሆን በማውዙ።»

«አይጡን ነው የምትይው?»

«አዎ፣ አይጡን።»

ግራጫ ነጥብ ወጣች። ቅጹን በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ሞሉት። ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳያግዛቸው መንገዱን እየጎተቱ ይሄዱ ነበር። በስክሪኑ ላይ ሲሄዱ ጉልበታቸው አያማቸውም። እሷ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ካርታዋን እየሳለች ጀርባቸውን ታያለች፤ አንዳንዴ ለብቻቸው ሲስቁ ትሰማለች። የማስታወሻው ቦታ ላይ ከጥልቀቱና ከዙሩ ሌላ ነገርም ይጽፉ ነበር፦ «እዚህ ላይ ዝናብ መቶናል»፣ «ባለቤትየዋ ክፉ ውሻ አላት»። ውሻው ከሞተ ሃያ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቱ ዋና ቆፋሪ ጋር እየወጣች ትዳስሳለች። ቆፋሪው ያለ ክፍያ ነበር የሚመጣው፤ «ጋሼ ሥራ ያስለመዱኝ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜዬን ቢፈልጉ እሑዴንም እጨምርላቸዋለሁ» ይላል። ሲቆፍር እሷ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ብረቱን ትነካለች። አባቷ አንድም አልተሳሳቱም። ሦስት ቅዳሜ ወጥተው አርባ አንድ ቫልቭ ዳሰሱ፤ አርባ አንዱ ጥቁር ሆኑ። በአሥራ ሰባት ጠዋት ግን አባቷ ያስገቡት ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ደርሶ ነበር።

አንድ ጠዋት አባቷ ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆዩባትና ፈርታ ወደ እሳቸው ሄደች።

«አባዬ፣ የቀሩትን ዝም ብለን ቀለም ብናደርጋቸውስ? እስካሁን አንድም አልተሳሳትክም እኮ።»

ፊታቸውን አዞሩ። እንደዚያ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም።

«ያልተዳሰሰ?»

«አይ፣ እኔ እንዲሁ...»

«ሰው ይገባበታል! አንቺ ቁልፏን ትጫኚያለሽ፣ ሰው ደግሞ አምኖ ጉድጓድ ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። አይበቃም?»

«ይቅርታ አባዬ።»

ሁለት መቶ ሃያ ሁለቱ ግራጫ ሆነው ቆዩ። እነሱን ለብቻ፣ በግራጫነታቸው ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ማተምም ይቻል ነበር። በኋላ ሁሉም ይህንን ነገሯት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቷን ለምርመራ ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ያን ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፕሮግራማቸው እንዲታደስ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሪስታርት የካርታ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ወረቀቷን አነበበ። ቆመና አሰበ። ስክሪኑን አየ፤ ሰንጠረዡ ሞልቷል፣ ነጥቦቹ በየቦታቸው ናቸው። እንዲህ ተደርድሮ የሚታይ ነገር ያልተቀመጠ ሊሆን ይችላል ብሎ አልጠረጠረም። ስልክ ደወለላት። ሐኪም ቤት ስለነበረች ስልኳን አጥፍታ ነበር።

አደሰው። አጥፍቶ አበራው።

ሰኞ ጠዋት አባቷን ቤት ትታ ቀድማ ገባች። አዲሱ ብሮውዘር ፕለጊኑን አልቀበልም አለ፤ በገጹ ቦታ ነጭ ሳጥን ብቻ ነበር። ሪስታርት ከሌላ ክፍል ያልታደሰ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና ከፈተላት። ካርታው መጣ። ነጥቦቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ። አርባ አንድ። መልስ እስኪመጣ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ታውቃለችና ጠበቀች። ሪስታርትም ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ።

«ሌላው ይመጣል አይደል?» አለ።

መጽሐፉ ያለውን ታውቃለች፤ ያሰመረችውም እሷ ናት።

«ባለእርሳሷ፣ በእግዚአብሔር... እኔ የተቀመጠ መስሎኝ ነው። ደውዬልሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ይጠብቋት ነበር። ልትዋሻቸው መንገዱን ሙሉ አስባ ነበር። ሲያይዋት ግን አልሆነላትም።

«አባዬ፣ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ያስገባኸው። የዳሰስናቸው ብቻ ናቸው የቀሩት።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ማን አጠፋው?» አሉ።

«እኔ።»

«አንቺ አታጠፊም።»

«እኔ ነኝ አባዬ። ክፍት ከቆየ ይበቃል ብዬ...»

«ተይ አታልቅሺ» አሉ። «ቫልቮቹ እኮ የትም አልሄዱም። እዚያው መሬት ውስጥ ናቸው። እንደገና ነዋ።»

በማግሥቱ ሊጀምሩ ተስማሙ። በማግሥቱ ግን አባቷ ትኩሳት ያዛቸው። ሳንባቸው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ተኙ፤ በሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ ሌሊቱና ቀኑ ተቀላቀለባቸው፤ ነርሷን በሟች ሚስታቸው ስም ጠሯት። እሷ በእነዚያ ቀኖች አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ፕሮግራሙን አስተካከለች። አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ ነበር፤ እርሳስ ወይም ቀለም የሚል። እያንዳንዱ ነጥብ እንደተጻፈ ወዲያው ዳታቤዝ እንዲገባ፣ ግን እርሳስ ተብሎ እንዲገባ። አርባ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጨርሳ ላፕቶፑን ዘጋችው።

ሲድኑ ወደ ካርታ ክፍሉ ወሰደቻቸው። ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና መንገዱን አዩ።

«ይሄ ዳቦ ቤቱ አይደለም?» አሉ።

«ነው አባዬ!» አለች።

ነጥቧን አስቀመጡ። ከደረጃው አራት እርምጃ፣ በግራ፣ አሥራ አራት ዙር። አንድም አልሳቱም። እሷ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ጀርባቸውን እያየች መሥራት ጀመረች። ቁልፎቹ ቀስ እያሉ ሲነኩ ይሰማል። በምሳ ሰዓት መጥታ ሰንጠረዡን ከፈተች። አሥራ ዘጠኝ አዲስ መስመር ገብቶ ነበር። ዳቦ ቤት፣ አራት እርምጃ፣ በግራ፣ አሥራ አራት ዙር። ዳቦ ቤት፣ አራት እርምጃ፣ በግራ፣ አሥራ አራት ዙር። አሥራ ዘጠኙም ትክክል ነበሩ።

«ደከመኝ» አሉ አባቷ። «ብዙ ሠራሁ አይደል ዛሬ?»

«ብዙ አባዬ።»

ከሁለት ወር በኋላ በራሳቸው ሰፈር፣ ከቤታቸው ሦስት መታጠፊያ ወረድ ብሎ ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው አስፋልቱን አንስቶ ወደ ቤቶች ይገባ ነበር። ሰንጠረዡ ውስጥ እዚያ መንገድ ላይ ምንም ነጥብ የለም። ከጠፉት አንዱ እዚያ እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ግራጫ ሆኖ አይታዋለች፤ ከየትኛው ቤት በስንት እርምጃ እንደሆነ ግን አላነበበችውም። ዋናው ቆፋሪ መኪናውን በራቸው ላይ አቆመ።

«ጋሼ ይምጡ» አለ። «መንገዱን ሲያዩት ይመጣላቸው ይሆናል።»

ቦታው ሲደርሱ አባቷ ከመኪናው ወርደው ቆሙ። ወዲያ ወዲህ አሉ። በተረከዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ» አሉ።

ተቆፈረ። አፈር ነው። «እንግዲያ እዚህ» አሉ። ተቆፈረ። ድንጋይ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ እስከ ወገብ ሲደርስ ከታች ውሃ ይፈልቅ ጀመር። ቆፋሪው ዝቅ ብሎ በእጁ ሲፈልግ አባቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥተው አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ውጣ!» ብለው ጮኹ። «ውጣ ከዚያ፣ አልተዘጋም! እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አልተዘጋም! ውጣ!»

ቆፋሪው ቀና ብሎ አያቸው። ማንን እያዩ እንደሆነ ገባው፤ ታሪኩን የማያውቅ ቆፋሪ የለም። አካፋውን ጥሎ ወጣ።

«ወጣሁ ጋሼ» አለ። እጃቸውን ያዘ። «ይኸው ወጣሁ። ደህና ነኝ።»

አባቷ ጭቃ የነካውን ትከሻውን ደግመው ደጋግመው ዳሰሱት። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ቆፍሩ አላለም። የሰፈሩ ውሃ በሙሉ ከማጠራቀሚያው ተዘጋ፤ ሦስት ሺህ ቤት ሁለት ቀን ያለ ውሃ ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ ፊታቸውን ሊታጠቡ የቧንቧውን እጀታ ከፈቱ። ዘጉ። ከፈቱ።

«ውሃ የለም» አሉ።

«ታች መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አባዬ። በባልዲ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ታዲያ ቫልቩን አይዘጉትም እንዴ? የሰው ውሃ ሁሉ ይቁም?»

«አላገኙትም።»

አባቷ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ትንሽ ተናደዱ፤ እንደ ድሮው።

«እኔን ለምን አልጠሩኝም? እዚህ ቁጭ ብዬ! ጫማዬን አምጪልኝ።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የትናንቱ ጭቃ ገና ከጫማቸው አልለቀቀም። ጫማውን አመጣችና ተንበርክካ ክሩን አሰረችላቸው፤ ካኪ ኮታቸውንም አለበሰቻቸው። በሩን ከፍተው ቀድመዋት ወጡ፤ በደረጃው ላይ እየቸኮሉ፣ ለሥራ እንደሚጠበቅ ሰው። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መንገዱን ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«በየት በኩል ነው?» አሏት።